ትምህርት፦ የተተረጎመ ሰነድ በሌላ አገር እንዲሠራ እንዴት ይረጋገጣል?

ለዛሬው የትምህርት ገጻችን ብዙ እህቶች እሑድ እሑድ ስንገናኝ የሚጠይቁትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ ነው። «አስተርጉሜ ወስጄ አልቀበልም አሉኝ»፣ «ማኅተም ጎደለው ተባልኩ»፣ «ተመለሽና ከመጀመሪያው ጀምሪ አሉኝ» የሚሉ እህቶች ብዙ ናቸው። ወረቀት ሲመለስ የሚባክነው ብር ብቻ አይደለም። ከማዳም በልመና ያገኘነው የፈቃድ ቀን አብሮ ይባክናል፤ የታክሲው፣ የቴምብሩ፣ ወደ አገር ቤት የመላኪያው ሳይቆጠር ማለት ነው።

ደግሞ እስቲ አስቡት፤ እነዚህ ወረቀቶች ምንድን ናቸው? አንዷ እዚህ ቤይሩት የተወለደ ልጇን ኢትዮጵያዊ የሚያሰኝላት ወረቀት ነው። አንዷ ስምንት ዓመት ጉልበቷን ጨርሳ የሠራችውን ቤት የሚጠብቅላት ውክልና ነው። ሌላዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችበት ማስረጃ ነው፤ ነገ ከሰው ቤት ወጥታ ነርስነትም ይሁን ሌላ ሙያ ልትማርበት የምትችል። ስለዚህ «ወረቀት ነው» ብለን ልንንቀው አይገባም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው እንዳይሆንብን።

ይህን ትምህርት እርሳስ ይዛችሁ እያሰመራችሁ ብታነቡት ይሻላል። በመጨረሻ የቃላት መፍቻና መልመጃ አለው።

፩. ሦስት የተለያዩ ሥራዎች

ብዙዎቻችን ማስተርጎም፣ ማረጋገጥና ሕጋዊ ማድረግ አንድ ነገር ይመስሉናል። አይደሉም።

ሀ) ማስተርጎም። የወረቀቱን ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ማዞር ነው። ይህን የሚሠራው ተርጓሚ ነው። እንግሊዝኛ ጎበዝ የሆነች ጓደኛችን ብትተረጉምልን ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መሥሪያ ቤት ግን አይቀበለውም። ለምን? ስህተት ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ። መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ፈቃድ ያለው፣ እዚህ ሊባኖስ ከሆነ ደግሞ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ነው። በዐረብኛ ተርጁማን ሙሐለፍ ይሉታል።

ለ) ማረጋገጥ። «ይህ ፊርማ የዚያ ሰው ነው፣ ይህ ማኅተም የዚያ መሥሪያ ቤት ነው» ብሎ መመስከር ነው።

ሐ) ሕጋዊ ማድረግ። በአንድ አገር የተረጋገጠውን ወረቀት ሌላው አገር እንዲያምነው ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚሄድበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማኅተም የተደረገበት ወረቀት ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠራተኛ «ይህች ልጅ በዚህ ቀን ተወልዳለች» ብሎ አይመሰክርም፤ እሱ ስትወለድ አላያትም። የሚመሰክረው ከእሱ በፊት የፈረመውን ሰው ፊርማ ማወቁን ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ውስጥ የተሳሳተ ስም ወይም ቀን ካለ አሥር ማኅተም ቢደረግበትም ስህተቱ ስህተት ነው። እንዲያውም ማኅተም በበዛ ቁጥር ለማረም ይከብዳል። መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ ማረም፣ ከዚያ በኋላ ነው ማስመታት።

፪. ሰንሰለቱ እንዴት ይሠራል?

ማኅተሞቹን እንደ ሰንሰለት ቁጠሯቸው። እያንዳንዱ ቀለበት የሚያውቀው ከእሱ በፊት ያለውን ቀለበት ነው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ያሉትን የቀበሌ ሠራተኞች ሁሉ ፊርማ ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው የበላይ መሥሪያ ቤቶችን የናሙና ፊርማና ማኅተም ነው። ስለዚህ ከቀበሌ በቀጥታ ብትሄጂ «መጀመሪያ እዚያ አረጋግጠሽ ነይ» ብለው ይመልሱሻል። ሊያስቸግሩሽ ፈልገው አይደለም፤ በመሃል አንድ ቀለበት ስለጎደለ ነው። የውጭ አገር ኤምባሲም እንደዚሁ የሚያውቀው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ፊርማ ነው፤ ሌላውን አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ዋና ሕግ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ከወጣበት ቦታ ጀምሮ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ድንበር ይሻገራል፣ ከዚያ በሌላው አገር እንደገና ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል።

አንዳንድ እህቶች «አፖስቲል የሚባል አንድ ማኅተም ብቻ ይበቃል አሉኝ» ይላሉ። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ በተደረገ ስምምነት አባል የሆኑ አገሮች እርስ በርሳቸው በአንድ ማኅተም ብቻ ወረቀት ይቀባበላሉ፤ ኤምባሲ መሄድ አያስፈልግም። ከዐረብ አገሮች ኦማንና ባሕሬን አባል ናቸው፤ ሳዑዲ ዐረቢያም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ገብታለች። ነገር ግን የሚሠራው ወረቀቱ የወጣበት አገርም የሚሄድበት አገርም ሁለቱም አባል ሲሆኑ ነው። ሊባኖስ አባል አይደለችም። ስለዚህ እዚህ የወጣ ወረቀት ወደየትም ቢሄድ፣ ከየትም ወደዚህ ቢመጣ፣ ረጅሙን ሰንሰለት መከተል ግድ ነው። «የሊባኖስ ወረቀትሽን አፖስቲል አሠራልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ገንዘብሽን በጉያሽ ያዢ።

፫. ከሊባኖስ ወደ ኢትዮጵያ፦ የልጅ የልደት ወረቀት

ይህ ከሁሉም የሚቸኩለው ነው። ልጅ የወለዳችሁ፣ ወይም የወለደች እህት የምታውቁ፣ በደንብ አንብቡት።

በሊባኖስ ሕግ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው፤ እዚህ መወለድ ብቻውን ሊባኖሳዊ አያደርግም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ግን ከሁለት ወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። የዜግነት አዋጁም ቁጥር 378/1996 ይህንኑ ይላል። እናቱ ብቻ ኢትዮጵያዊት ብትሆንም ኢትዮጵያዊ ነው። በጋብቻ ያልተወለደ ልጅም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት በጋብቻ ከተወለደ እኩል መብት አለው። መብቱ እንግዲህ አለ። የሚቀረው ይህ ልጅ የአንቺ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ ፓስፖርትም፣ ሊሴ ፓሴም፣ ትምህርት ቤትም፣ አብሮ ወደ አገር መግባትም ችግር ይሆናል።

መንገዱ ይህን ይመስላል፦

1ኛ. ያዋለደው ሐኪም ወይም አዋላጅ የልደት ማስረጃ ይጽፋል። ከሆስፒታል ሳትወጪ ይህን ወረቀት ያዢ። የእናት ስም በፓስፖርት እንዳለው መጻፉን እዚያው አይተሽ አረጋግጪ። የማዳም ስም ወይም ሰፈር የሚጠራሽ ስም ተጽፎ ከሆነ እዚያው አሳርሚ።

2ኛ. ወደ ሰፈሩ ሙኽታር ትሄጃለሽ። እሱ የልደት ሰነዱን ሞልቶ ይፈርማል፣ ያትማል። ምስክር ሊፈልግ ስለሚችል ቀድመሽ ጠይቂ።

3ኛ. ወደ ኑፉስ፣ ማለትም ወደ ሲቪል መዝገብ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም በውጭ ዜጎች መዝገብ ይመዘገባል።

4ኛ. የሊባኖስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል።

5ኛ. ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጠዋል።

6ኛ. ወረቀቱ ኢትዮጵያ ሲገባ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላውን ማኅተም ያረጋግጣል።

የልደት ወረቀቱ በዐረብኛ ስለሆነ መተርጎም አለበት። መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይተረጉመዋል፤ የተርጓሚውን ፊርማ የሊባኖስ ፍትሕ ሚኒስቴር ያረጋግጣል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ቆንስላ። ስለዚህ ዋናው የራሱ መንገድ አለው፣ ትርጉሙም የራሱ መንገድ አለው ማለት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ውጭ ጉዳይ ላይ ነው።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ልደቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተመዘገበ በሊባኖስ ሕግ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ቤት ማለት ጠበቃ ማለት ነው፣ ጠበቃ ማለት ገንዘብና ጊዜ ማለት ነው። ልጁ ስድስት ወር ሆኖት ከሆነ ዛሬ ተነሺ። ኢቃማ የሌላት ወይም የጋብቻ ወረቀት የሌላት እህት ፈርታ ቁጭ እንዳትል። መንገዱ ይከብዳል እንጂ አልተዘጋም፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን ይጠብባል። ብቻዋን ከመሄዷ በፊት ለስደተኛ ሠራተኞች የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶችን፣ ለምሳሌ ካሪታስ ሊባኖስን ወይም ካፋን፣ ታማክር።

፬. ውክልና

ውክልና የሚሰጠው ቆንስላው ፊት በአካል ቀርቦ በመፈረም ነው። ጓደኛ ልትፈርምልሽ አትችልም። ፓስፖርትሽን፣ የተወካዩን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሚኖርበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ ይዘሽ ትሄጃለሽ። በአማርኛ ስለሚጻፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ትርጉም አያስፈልገውም። ነገር ግን ብዙ እህቶች እዚህ ላይ የጨረሱ ይመስላቸዋል። አልጨረሱም። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ሲደርስ ተወካዩ መጀመሪያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ የቆንስላውን ፊርማና ማኅተም ያስረጋግጣል፤ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ፣ እኛ ውልና ማስረጃ ወደምንለው፣ ወስዶ ያስመዘግባል። ይህ ሳይሆን ባንክ ወይም መሬት አስተዳደር ቢሄድ ይመለሳል።

ሁለተኛው የምንሳሳትበት ነገር የውክልናው ቃል ነው። «ሁሉን እንዲያደርግልኝ ወክዬዋለሁ» የሚል ውክልና ሁሉን አያስደርግም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት ማከራየት፣ የቤት ኪራይ መቀበል የመሳሰለው ማለት ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። አንዲት እህታችን ወንድሟ ቦታዋ ላይ በተነሳ ክርክር ፍርድ ቤት ሊቆምላት ሄዶ ውክልናው «መክሰስና መከሰስ» የሚል ቃል ስለሌለው ተመለሰ። እንደገና ቆንስላ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና መንገደኛ ፍለጋ። በዚያ መሃል ቀጠሮው አለፈ።

በተቃራኒው ደግሞ የማያስፈልገውን ሥልጣን መስጠት አደጋ ነው። ኪራይ እንዲሰበስብ ለፈለግሽው ሰው «መሸጥ፣ መለወጥ» ብለሽ ከጻፍሽለት ነገ ቤትሽን ሸጦ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ ሕጉም «ፈርመሻል» ይልሻል። ሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ ባልም ቢሆን። ጸሐፊው የጻፈውን ቃል በቃል አንብቢ፤ ማንበብ የማትችል እህት ካለች የምታምናት ሰው ታንብብላት። የምትፈልጊውን ብቻ በዝርዝር አስጽፊ፤ የማትፈልጊውን «ይሰረዝልኝ» ማለት መብትሽ ነው።

ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል። መሻሪያውም በዚያው መንገድ ይሄዳል፦ ቆንስላ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ውልና ማስረጃ። ለተወካዩና ለባንኩም በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ አንተን አላውቅህም» ማለት ብቻውን አይበቃም።

፭. ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ፦ የልደትና የትምህርት ማስረጃ

የልደት ማስረጃ። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች ብዙዎቻችን ስንወለድ አልተመዘገብንም፤ ስለዚህ ወረቀቱን የምናወጣው አሁን፣ ከአደግን በኋላ ነው። አዲሶቹ ማስረጃዎች ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ወደ እንግሊዝኛ ለማስተርጎም ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ወረቀቱን ተመልከቺ። የድሮው የቀበሌ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ከሆነ ከማስተርጎም ይልቅ አዲሱን ማውጣት ይሻላል።

የትምህርት ማስረጃ። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ትራንስክሪፕት በትምህርት መሥሪያ ቤት በኩል ይረጋገጣል። የብሔራዊ ፈተና ውጤት ደግሞ ፈተናውን በሚያወጣው መሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በኩል ይታያል። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወረቀቱ የሚሄድበት አገር ኤምባሲ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ እንደኔ ያላችሁ ሁሉ የምመክራችሁ ዋናውን ወረቀት እናት ቤት ሳጥን ውስጥ አትተዉት ነው። አገር ቤት ያለ ሰው አሁኑኑ እስከ ውጭ ጉዳይ ድረስ ያስጨርስላችሁ። ዕድል ስትመጣ «በሁለት ሳምንት አቅርቢ» ብላ ነው የምትመጣው።

፮. ተርጓሚው የሚያበላሻቸው ሁለት ነገሮች፦ ስምና ቀን

ስም። ዐረብኛ «ፐ» የለውም፣ «በ» ብሎ ይጽፋል። እንደ አማርኛ ግዕዝና ሳድስ የሚለይ ፊደልም የለውም። ስለዚህ «ከበደ» ዐረብኛ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ «ካባዳ» ሊሆን ይችላል። «ሰላማዊት» በፓስፖርት አንድ ዓይነት ተጽፎ፣ ኢቃማ ላይ ሌላ ሆኖ፣ ከዐረብኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ሦስተኛ ሰው ይወጣታል። ተርጓሚው አጥፍቶ አይደለም፤ ያየው ዐረብኛውን ብቻ ስለሆነ ገምቶ ጻፈ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለማስተርጎም ስትሄጂ ሁልጊዜ የፓስፖርትሽን ኮፒ አብረሽ ስጪው፣ «እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እንደዚህ ጻፍልኝ» በዪው። የልጁ ወረቀት ከሆነ የአባትም የእናትም ፓስፖርት ኮፒ ይያዝ።

ሌላው፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። እዚህ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ይሞላበታል። ፓስፖርትሽ እንዴት እንዳስቀመጠው አይተሽ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አድርጊ።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ስንመጣ ደላላ ስማችንን ወይም ዕድሜያችንን የቀየረብን አለን። ፓስፖርቱ አንድ ስም፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ ስም። ይህን ተርጓሚ ሊያስተካክለው አይችልም፤ እሺ ካለሽም ወንጀል እየሠራ ነው፣ አንቺንም እያስገባሽ ነው። ትክክለኛው መንገድ ኢትዮጵያ ውስጥ ፍርድ ቤት አመልክቶ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ወይም ስሙን የሚያስተካክል ውሳኔ ማግኘት ነው። ይህን በተወካይ ለማስፈጸም ውክልናው ውስጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ በግልጽ መጻፍ እንዳለበት ከላይ ተምረናል።

ቀን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ በአውሮፓ ለመቁጠር በዓመቱ ላይ 7 እንጨምራለን። ከፈረንጆች ጃንዋሪ 1 በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 እንጨምራለን። ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1997 ናት። ጥር 11 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 ናት። ዓመቱ በእኛ አንድ፣ በእነሱ ሁለት። ዝም ብሎ 8 የሚደምር ተርጓሚ የኅዳሯን ልጅ አንድ ዓመት ያሳንሳታል። ከዚያ ፓስፖርትና የልደት ወረቀት ሳይገናኙ ይቀራሉ። በትርጉሙ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

፯. አታድርጉ

• ዋናውን ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ። «እንዳያረጅ» ብለን ፕላስቲክ ካለበስነው ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ብዙ ቢሮ አይቀበለውም። ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

• በስቴፕለር ወይም በማኅተም የተያያዙ ገጾችን ኮፒ ለማንሳት አትፍቱ። የተፈታ ወረቀት «ገጽ ተቀይሯል» ሊባል ይችላል። ሳትፈቱ ገለጥ አድርጋችሁ አንሱ።

• ከመጨረሻው ማኅተም በፊት ለማስተርጎም አትቸኩሉ። ከትርጉሙ በኋላ የሚመታ ማኅተም በትርጉሙ ውስጥ አይኖርም። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የትኞቹ ማኅተሞች እንዲተረጎሙ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

• የተቀባዩን ፍላጎት ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በየትኛው ቋንቋ? ዋናው ነው ወይስ ኮፒው? ከወጣ ስንት ወር ያላለፈው? ከወንጀል ነጻ ወረቀትና ያላገባ ወረቀት ቶሎ ጊዜያቸው ያልፋል። እነሱን መጨረሻ ላይ አውጡ።

• ካቲብ አድል ፊትም ሆነ ሌላ ቦታ ያልተነበበላችሁን የዐረብኛ ወረቀት አትፈርሙ። «ተርጉሙልኝ» ማለት ነውር የለውም።

• የሐሰት ማኅተም አትግዙ። በዶውራ ጥግ በአንድ ቀን አስመትቶ የሚያመጣ ሰው ሚኒስቴር ደርሶ መጥቷል ብላችሁ አትመኑ። የሐሰት ሰነድ ማቅረብ በሁለቱም አገር ወንጀል ነው። ሲያዝ ደላላው ስልኩን ይዘጋል፤ የምትጠየቀው ወረቀቱን ያቀረበችው ናት።

• ለአስፈጻሚ ገንዘብ ከሰጣችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። እዚህ ጣቢዕ የሚሉት ቴምብር ወረቀቱ ላይ መለጠፉን በዓይናችሁ እዩ።

፰. እሑድ ብቻ ለምንወጣ

እዚህ ነው ችግሩ። እኛ የምንወጣው እሑድ፣ የመንግሥት ቢሮ የሚሠራው በሥራ ቀን። ስለዚህ ሥራውን ሁለት ላይ እንክፈለው። በስልክና በእሑድ የሚያልቀውን ሁሉ በስልክና በእሑድ እንጨርስ፦ ቆንስላው ምን ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ኮፒ ማንሳት፣ ፎቶ መነሳት፣ የውክልናውን ቃል በአማርኛ ረቂቅ ጽፎ መዘጋጀት፣ ክፍያውን ማጣራት። ከማዳም የምንለምነው ቀን ለመፈረምና ለማስገባት ብቻ ይሁን። ስንለምንም «ጉዳይ አለኝ» ከማለት «ቆንስላ ቀርቤ የምፈርመው ወረቀት አለኝ፣ በዚህ ቀን፣ እስከዚህ ሰዓት» ብንል ብዙ ጊዜ ይሻላል። አረጋግጦ የማምጣቱን ሥራ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻል እንደሆነም በየቢሮው ጠይቁ።

ኮፒ የማስቀመጥን ነገር ደግሞ አትርሱ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ፣ በ2024 መኸር ደግሞ ጦርነቱ ከደቡብ ሰው ሲያፈናቅል፣ ብዙ እህቶች በለበሱት ልብስ ነው የወጡት። ፓስፖርታቸው በአሠሪ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወረቀት የፊትና የኋላ ገጽ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን በስልካችሁ፣ አንዱን አገር ቤት ላለ ሰው፣ አንዱን ለምታምኗት ጓደኛ። ኮፒ ዋናውን አይተካም። ግን ቁጥሩንና ቀኑን ስለሚይዝ ዋናውን እንደገና ለማውጣት መንገድ ይከፍታል።

የቃላት መፍቻ

ሙኽታር፦ የሰፈር ወረቀት የሚያረጋግጥ ሹም።
ኑፉስ፦ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ።
ካቲብ አድል፦ ውል የሚፈረምበት፣ እንደ ውልና ማስረጃ ያለ ቢሮ።
ተርጁማን ሙሐለፍ፦ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ።
ተስዲቅ፦ ማረጋገጥ።
ጣቢዕ፦ የመንግሥት ቴምብር።

መልመጃ (በቡድን ተወያዩበት)

1. አንዲት እህት ከቀበሌ ያወጣችውን ወረቀት በቀጥታ ኤምባሲ ወሰደች፤ ተመለሰባት። ለምን?
2. ወንድምሽ ኪራይ እንዲሰበስብልሽ ብቻ ትፈልጊያለሽ። ውክልናው ውስጥ የትኞቹ ቃላት እንዳይገቡ ትጠነቀቂያለሽ?
3. ታኅሣሥ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለደችው?
4. ልጇ አሥር ወር የሆነው እናት ምን ያስቸኩላታል?

መልስ፦ 1. ኤምባሲው የቀበሌን ፊርማ አያውቅም፤ በመሃል ያሉት ቀለበቶች ጎድለዋል። 2. መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት። 3. 7 እንጨምራለን፤ 2002 ነው። 4. ዓመት ከሞላው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

እህቶች፣ የቢሮ አሠራርና ክፍያ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁልጊዜ ደውላችሁ ጠይቁ። የሰንሰለቱ ሕግ ግን ያው ነው፦ አንብቢ፣ አሳርሚ፣ ከታች ወደ ላይ አስመቺ። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፤ ከቤት ለማትወጣ እህት በሰው ላኩላት። ወረቀት ስትጨርሱ ያያችሁትን፣ የጠየቋችሁን፣ የተለወጠውን ነገር ጽፋችሁ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም ለሌሎች እናካፍላለን።

በሰላም ያገናኘን።